በስተግራ የነበረው አፈር

አሽከርካሪው አንዱዓለም፣ ከጭነት መኪናው ግንባር ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ። ባለጋሪው ታደለ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ከቦዩ አጠገብ፣ የፈረሱን ልጓም ይዞ። እማሆይ ትብለጥ፣ ከመንገዱ በስተግራ ከግራሩ ጥላ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጠው። የሟች ወንድም ምናለ፣ ከእማሆይ ጎን፣ ቆሞ። ሟች ወይዘሮ የሺወርቅ፣ በዚያው ጥላ ሥር፣ ጋቢ ለብሳ። እኔ፣ ከሞተር ብስክሌት ወርጄ፣ በመካከላቸው።

ይህን የገለበጥኩት ከድሮ ደብተሬ ነው። ቦታው ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ያለው ጠጠር መንገድ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። እኔ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ደብተሮቼን ሰብስቤ ሌሎቹን አቃጥያቸዋለሁ። ይህን አስቀረሁት።

ማን የት ቆሞ እንደነበር በመጻፍ መጀመርን ያስተማረኝ ሳጅን ይማም ነው። ከወሎ ተመድቦ መጥቶ ቢቸና ብዙ ዓመት የቆየ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። «ሰው ያየውን ከመጠየቅሽ በፊት የቆመበትን ጻፊ። የሚያወራውን ሊለውጥ ይችላል፤ የቆመበትን ግን ሌላውም ያየዋል» ይለኝ ነበር።

ያገኘኝ መዝገብ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የፖሊስ ሥልጠና ወስጄ፣ ፋይል አደራጅ ነበር። አንድ ቀን የሳለውን የአደጋ ፕላን በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥለት ሰጠኝ። ስመልስለት መስኮቱ ዘንድ ወስዶ አየው።

«የስልክ እንጨቱን ለምን አንቀሳቀስሽው?» አለኝ።

«አላንቀሳቀስኩትም።»

«ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገፍተሽዋል። መንገዱ ላይ አንድ ሜትር ነው። በአንድ ሜትር ሰው ይታሰራል።»

ተቆጥቶኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ወደ ትራፊክ ክፍል እንድዛወርለት አለቃችንን ጠየቀ። ደመወዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጫማዬ ነው፤ በዓመት ሁለት መጨረስ ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ የምትለካ ሴት አይተው የማያውቁ ሾፌሮች ይቀልዱብኝ ነበር። አንዱ ከጉንደ ወይን በኩል የመጣ ሾፌር፣ «እመቤት፣ ሜትሩ ምንድን ነው? ልብስ ልትሰፊልን ነው?» አለኝ። ይማም ከመሬት ቀና ሳይል፣ «አዎ፤ እንደዚህ መንዳትህን ካልተውክ ከፈንህን ትለካለች» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ይማም ግን አልሳቀም።

የይማም ሜትር ጫፉ ተበጥሶ ስለነበር ከአንድ ሜትሩ ላይ ጀምሮ ይለካና በኋላ ይቀንስ ነበር። አዲስ ሜትር ሲመጣለትም ልማዱን አልተወም። መለኪያ መነሻ አድርጎ ዛፍ አይወስድም፤ ይቆረጣል ይላል። የድልድይ ጠርዝ ወይም የስልክ እንጨት ይፈልጋል። ግጭቱ የደረሰበትን ነጥብ ለማግኘት መጀመሪያ የሚያየው መስታወት አይደለም፤ መስታወት ይበተናል፣ ሰውም ይጠርገዋል። የሚፈልገው ጭቃ ነው። መኪና ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ከሆዱና ከጎማው መሸፈኛ ውስጥ ተጣብቆ የከረመው ደረቅ ጭቃ እዚያው ይረግፋል። ይማም መንገዱ ላይ ተንበርክኮ ያን ጭቃ በጣቱ ፈርክሶ ያየው ነበር። የከብት ኮቴ የጣለው ጭቃ ሣር አለበት፤ የመኪናው ግን የቅባት ሽታ አለው።

መንገድ ላይ ያገኘውን ማንኛውንም ነገር፣ ድንጋይም ቅጠልም ይሁን፣ «ይህን ማን አደረገው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንዳንዴ የሚያሳፍር ጥያቄ ነበር። የለቅሶ ቤት ሰዎች ሬሳውን ከበው ሲያለቅሱ፣ እሱ አንድ ድንጋይ እያሳየ «ይህን እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?» ይላል። ሰዎቹ ይቆጣሉ። እሱ ጠብቆ መልሶ ይጠይቃል።

ከእሱ ጋር ከሠራኋቸው ምርመራዎች አንዱን አልረሳም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ከሆነ በኋላ ነው። ጉንደ ወይን አጠገብ አንድ መምህር በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰነድ አለው፤ መምህሩ ግን መድን የለውም። እኛ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል። «መድን ሳይኖረው ነው እኮ የሚነዳው!» ይሉናል። ይማም ለካ፣ ጭቃውን አየ፣ አውቶቡሱ መስመሩን ለቅቆ እንደነበር አገኘ። ማታ ቢሮ ሁለት ወረቀት አወጣ። በአንዱ ላይ የመምህሩን መድን አለመኖር ጻፈ። ሌላው ለመንገዱ ነበር። የመጀመሪያውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዘጋበት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጀመረ።

«ለምን ይዘጉበታል?» አልኩት።

«እያየሁት ብጽፍ እጄ ይከተለዋል። መድን የሌለው ሰውም ቀኙን ይይዛል፣ አለምነሽ።»

ይማም ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሜትሩን ለእኔ ተወልኝ። ሳጅን ሆንኩ። ብቻዬን ወደ አደጋ ቦታ መሄድ ጀመርኩ። አዲሱ አለቃችን ፋይል በቶሎ ሲዘጋ ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ እኔም በቶሎ የምዘጋ ሆንኩ።

አሁን ወደዚያ የገበያ ቀን እመለሳለሁ።

ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ አሽከርካሪውን ሰነድ መጠየቅ ሆነ። ስህተቱ ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ መለካት ነበረብኝ።

አንዱዓለም የሞጣ ሰው ነው። የራሱን አነስተኛ የጭነት መኪና እየነዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልስ ነበር። መንጃ ፈቃዱን ሰጠኝ። መስታወቱ ላይ የመድን ምልክት አልነበረም።

«መድንህስ?»

«ቤት ረስቼው ነው።»

«ምልክቱስ?»

«ተላጦ ወድቆ ነው፣ ሳጅን።»

ዓይኑን አየሁት። «አንዱዓለም፣ አትዋሸኝ።»

ዞሮ መስታወቱን አየ። ከዚያ፣ «አልታደሰም» አለ። «ጊዜው አልፎበታል። ለዚህ ቅጡኝ፤ አልከራከርም። የሴትዮዋን ነገር ግን አልዋሽም። ቀኜን ይዤ ነበር። ከቆመው ጋሪ ኋላ ነው ብድግ ብላ የገባችብኝ። አላየኋትም።»

«ታዲያ መኪናህ ለምን በግራ ቆመ?»

«እኔ ነኝ ያስጠጋሁት። ቃሬዛ ለማምጣት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጬ ስመለስ አውቶቡስ ማለፍ አቅቶት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በቀኝ ቦይ ነው።»

መንገዱን አየሁ። ከብት ሲነዳበት ስለዋለ የፍሬን ምልክቱ ጠፍቷል። ነገር ግን ከመንገዱ መካከል በስተግራ፣ ከጥላው አራት እርምጃ መለስ ብሎ፣ አዲስ አፈር ተከምሮ ነበር። ዙሪያውን በትናንሽ ድንጋዮች ከበውታል። ከአፈሩ ሥር ደም ነበር።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲሞት ደሙ እንዲሁ እንደማይተው ከልጅነቴ አውቃለሁ። ውሻ እንዳይልሰው፣ እግር እንዳይረግጠው አፈር ያለብሱታል፣ በድንጋይ ይከልሉታል። ስለማውቅ አልጠየቅሁም። ሴትዮዋ እዚህ ተመታች፣ እዚህ ደማች፣ ከዚያ ወደ ጥላው አነሷት ብዬ ጨረስኩት። ከወሎ የመጣው ይማም ቢሆን ኖሮ ቆሞ «ይህን ማን አደረገው?» ይል ነበር።

«ቀኜን ይዤ ነበር ትላለህ። ደሙ ግን በግራ ነው» አልኩት።

አንዱዓለም አፈሩን አየ። «አላውቅም» አለ። «አላውቅም፣ ሳጅን። እኔ ስመለስ ጥላው ሥር ነበረች።»

ባለጋሪውን ጠየቅሁ። ታደለ ጋሪውን መንገድ ላይ በማቆሙ እንዳይጠየቅ ፈርቶ ነበር። «ድምፁን ስሰማ ፈረሴ ደንብሮ ጋለበ፤ ተከትዬ ሮጥኩ። ግጭቱን አላየሁም። መኪናው ወደ ግራ ሲሄድ ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። መቼ እንዳየ፣ ፈረሱን ከመከተሉ በፊት ይሁን ይዞት ከተመለሰ በኋላ፣ አልጠየቅሁትም። የጻፍኩት «ወደ ግራ ሲሄድ አይቻለሁ» የሚለውን ብቻ ነው።

ወደ እማሆይ ትብለጥ ሄድኩ። እጃቸው አፈር ነበር።

«እማሆይ፣ ሲገጫት አይተዋል?»

«አላየሁም፣ ልጄ። ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያውስ ይሂዱ፤ ፀሐይ ነው።»

ምላሻቸውን አልመዘገብኩም፤ ያላየ ምስክር አይሆንም ብዬ። ምናለ፣ የሟች ወንድም፣ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ይታያል እኮ፤ ምን ትጠይቂያለሽ? ደሟ ይናገራል!» አለ።

ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ከቦዩ ጫፍ ሁለት ሜትር ከአርባ ላይ፣ እፍኝ የሚሞላ ደረቅ ጭቃ ነበር። አይቼዋለሁ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም በእጄ ጽሑፍ አለ። ነገር ግን አልተንበረከክሁም፤ በጣቴም አልፈረከስኩትም። ከብት ያለፈበት መንገድ ነው፣ ከኮቴ የወደቀ ይሆናል አልኩ። ፕላኑ ላይ አልሳልኩትም።

ሁለት ወረቀትም አላወጣሁም። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ «የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው» ብዬ ጀመርኩ። የቀረው ከዚያ ተከትሎ መጣ።

ፍርድ ቤቱ ፕላኔን ተቀበለ። አንዱዓለም መስመሩን ለቅቆ ሰው ገድሏል ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት። ካሳው በመድን የሚሸፈን ስላልነበር መኪናው ተሸጠ። ችሎት ላይ የመጨረሻ ቃል ሲጠየቅ፣ «ቀኜን ይዤ ነበር» ብቻ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ዲግሪ ያለው ወጣት ነው፤ «እትዬ አለም» ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ከግማሽ ያህል እንደሠራሁ፣ ከከተማው መውጫ ላይ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ገደለ። ስደርስ የሟች ታናሽ ወንድም ተንበርክከው በእጃቸው አፈር እየከመሩ ነበር። የተሰበረው መስታወትና ጭቃው ግን ከዚያ ስምንት እርምጃ ይርቃል፤ ከመንገዱ ማዶ።

«አባቴ፣ ወንድምዎ የተመታው እዚህ ነው?» አልኳቸው።

«የለም፤ እዚያ ማዶ ነው።»

«ታዲያ አፈሩን ለምን እዚህ?»

ቀና ብለው እንደ እንግዳ አዩኝ። «አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከጎማው ሥር ስበን ወደዚህ አመጣነው። ነፍሱ የወጣችው እዚህ ነው። የሚሸፈነው ነፍስ የወጣችበት ነው እንጂ የወደቀበት አይደለም።»

ቀሪውን ለካሁ፤ ፕላኑን ሳልኩ። ቤት ገብቼ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ፤ ስለ ደረቁ ጭቃ የጻፍኩትን አነበብኩ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ቢቸና ሄድኩ። እማሆይ ትብለጥን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለች ጎጇቸው አገኘኋቸው።

«አዎ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከመኪናው ፊት፣ ከቦዩ በኩል ወድቃ ነበር። እኔና ሁለት ገበያተኞች ስበን ከመኪናው አራቅናት። መንገዱን ሳንሻገር ነፍሷ ወጣች። እዚያው አፈር አለበስኩላት። ከዚያ ወደ ጥላው አነሳናት።»

«እማሆይ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«‹አይተዋል?› አልሽኝ፤ ‹አላየሁም› አልኩሽ። ‹ይሂዱ› አልሽኝ።» ደግመውም፣ «ሌላ ምን ጠየቅሽኝ?» አሉኝ።

ከእሳቸው ወጥቼ ታደለን ፈልጌ ጠየቅሁት፤ መኪናውን ያየው ፈረሱን ይዞ ከተመለሰ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ምናለ ዘንድ ሄድኩ። ከእርሻ ተመልሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«እህቴ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?» አለ።

«ሞታለች።»

«የገጫትስ ሌላ ሰው ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያውስ ሂጂ፣ እቴ።»

ሞጣ ተመልሼ አዲስ ፕላን ሳልኩ፤ የእማሆይንና የታደለን ቃል አያይዤ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወጣቱ አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እትዬ አለም፣ ይህ እርስዎን ያስጠይቃል።»

«ያስጠይቅ።»

«ሰውየው ሊፈታ ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«ለዚያ ነው ዛሬ የጻፍኩት።»

ፈርሞ ወደ በላይ ላከው። ደግ ሰው ነው፤ አልያዘብኝም። መልሱ የመጣው አንዱዓለም ከተፈታ በኋላ ነው። ቅጣቱ ስለተፈጸመ ደብዳቤው ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ያኔ ሄጄ ልነግረው ይገባ ነበር። አልሄድኩም። ሁለት ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር እንዳላገኘው መንገድ እየመረጥኩ ነበር የምሄደው። ስለ እሱ ግን እሰማ ነበር። እርቅ ለማውረድ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የሟች ወገኖች፣ «መስመሩን ለቅቆ እንደገደላት ይመን፤ ከዚያ እንታረቃለን» አሉ። አንዱዓለም፣ «ለሞቷ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። መስመሬን ለቅቄ ነበር ግን አልልም» አለ። ሽማግሌዎቹ በእልኸኝነቱ ተቆጥተው ተመለሱ። በዚህ ምክንያት በቢቸና መንገድ አያልፍም። ሚስቱ ዘርፌም ለልጆቻችን ስትል እመን ብላ ብዙ ለምናዋለች ይባላል።

ጡረታ ስወጣ ወደ ይማም ደወልኩ። አርጅቷል፤ ጆሮውም ደከም ብሏል። ጮክ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ሰውየው ያውቃል?» አለኝ።

«አልነገርኩትም።»

«ደብዳቤ ስትጽፊ ለማን ጻፍሽ ታዲያ?»

«በይ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እንደዚያም ሆኖ ወራት አለፉ። የሄድኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

አንዱዓለም አሁን የሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ቤቱ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ለምሳ ገብቶ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። ዘርፌ በሩ አጠገብ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ሳጅን።»

«ተቀመጥ። አልቆይም።»

ዘርፌ ወንበር አቀረበችልኝና ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። አዲሱን ፕላን አውጥቼ ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት። ጭቃው የነበረበትን አሳየሁት። ሴትዮዋ ከየት ወዴት እንደተሳበች፣ አፈሩን እማሆይ ለምን በስተግራ እንዳለበሱት፣ ታደለም መኪናው ወደ ግራ ሲሄድ ያየው ፈረሱን ይዞ ከተመለሰ በኋላ መሆኑን ነገርኩት። ጣቱን ከወረቀቱ በላይ አድርጎ ተከተለ፤ ዱቄት እንዳይነካው ወረቀቱን አልነካም።

«ጭቃውን ያን ቀን አይተውት ነበር?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ። ደብተሬ ላይ አለ።»

«ፕላኑ ላይስ?»

«የለም።»

«መድን ስላልነበረኝ ነው?»

«ዋሽተኸኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልከውን አልሰማሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሱን ዋሽቻለሁ» አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንዱዓለም። አጥፍቻለሁ።»

ወረቀቱን አየው። ከዚያ በክንዱ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ መለሰው።

«ለእኔ አዲስ ነገር አልነገሩኝም፣ ሳጅን። ቀኜን እንደያዝኩ አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቃለሁ። ይህ ላላወቀ ሰው ነው።»

የምስሩ ድምፅ ቆመ። ዘርፌ እጇን ሰፌዱ ላይ እንዳደረገች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ አላወቅሁም ነበር» አለች።

አንዱዓለም ዞሮ አያት።

ፕላኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።